ሦስት ጊዜ የታጠበው የብር ብናኝ

በታተመው ጽሑፍ አራተኛ ገጽ ላይ የሰፈረው እንዲህ ይላል፦ ሮዙ ቀለም ከብር ናኖ ብናኝ አጠገብ ሲሆን ፍካቱ ስምንት እጥፍ ይጨምራል። በማሙሽ ማስታወሻ ደብተር ስልሳ ሁለተኛ ገጽ ላይ የሰፈረው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ሮዙ ቀለም ከብር ናኖ ብናኝ አጠገብ ሲሆን ፍካቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። ላብራቶሪው አንድ ነው። መለኪያ ማሽኑ አንድ ነው። የቀለሙ ጠርሙስ እንኳ ያው ነው፤ ክዳኑ ላይ ያለውን በእጇ የጻፈችው የዚያው የታተመው ጽሑፍ ባለቤት ናት። እሷ ደግሞ የማሙሽ ታላቅ እህት ናት።

ማሙሽ ትክክለኛ ስሙ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ጢሙን በየሁለት ቀኑ የሚላጭ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፉን ለማስረከብ አራት ቀን የቀረው ሰው ነው። ነገር ግን እህቱ እዚያው ላብራቶሪ ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድማ ስለተማረች፣ የቤት ስሙ ቀድሞት ገብቶ በር ላይ ጠበቀው። መጀመሪያ ሰሞን ተከራከረ። ኋላ ተወው።

ሰኞ ጠዋት አማካሪው ፕሮፌሰር ሁለቱን ገጾች ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከአንድ ቤት ‹ያበራል›ም ‹ያጠፋል›ም አይወጣም» አሉት። «ወይ የእሷን ውጤት ድገመው፣ ወይ የተሳሳተችበትን ቦታ አሳየኝ። እንዲሁ እንደተጋጨ ይዘህልኝ ከመጣህ አልፈርምም።»

«ፕሮፌሰር፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።»

«አሥራ ሁለተኛውን ሞክር። አርብ ካልደረሰልህ የሚቀጥለው ዓመት አለ።»

የሚቀጥለው ዓመት አለ! ልክ አንዱ አውቶቡስ ሲያመልጥ ከኋላ ሌላ እንደሚመጣ ነው የተናገሩት። ማሙሽ «እሺ» ብሎ ወጣ። ትዕግሥተኛ ነው ይሉታል፤ እውነትም ትዕግሥተኛ ነው። ደረጃውን ሲወርድ ግን ጥርሱን ነክሶ ነበር።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ከፀጉር ዘለላ ሺህ ጊዜ የቀጠነ የብር ብናኝ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ያንን ብርሃን በዙሪያው ያከማቸዋል። አጠገቡ ያለ ቀለም ከዚያ ክምችት ይደርሰዋል፤ ብቻውን ቢሆን ከሚጠጣው የበለጠ ብርሃን ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ቀለሙ የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል፤ ፍካት የሚባለው ይኸው ነው። አረንጓዴ ብርሃን ገብቶ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ማሙሽን ያበሳጨውም ይህ ነበር። በእህቱም ጽሑፍ በእሱም ደብተር ቀለሙ ብርሃን መጠጣቱን ጨምሯል። እዚያ ድረስ ይስማማሉ።

«ሁለቱም ይጠጣሉ» ይል ነበር ለሚሰማው ሁሉ። «የእሷ ጠጥቶ ይዘፍናል። የእኔ ጠጥቶ ይተኛል።»

አራት ወር ሙሉ ይህን እንቅልፋም ቀለም ሲቀሰቅስ ነው የከረመው። ውጤቱ ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቆሻሻን ነው። ይህ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። እናታቸው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ልጆቿን ያሳደገችው «ውሃው እስኪጠራ!» እያለች ነው። አንሶላ ይሁን ሰሃን፣ ካልሲ ይሁን የልጅ ፊት፣ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። የታተመው ጽሑፍ የብር ብናኙ ሦስት ጊዜ ይታጠብ ይላል። ማሙሽ በመጀመሪያው ሙከራ ሦስት ጊዜ አጠበ፤ ጨለመበት። በአምስተኛው ሙከራ አራት ጊዜ አጠበ፤ ባሰበት። በአሥራ አንደኛው ስድስት ጊዜ አጥቦ ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባው፣ ቀለሙ ጭራሽ ያለ አይመስልም ነበር።

ሰኞ ወደ ማታ ቤት ሲገባ እህቱ ሳሎን ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ አገኛት። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የቤት ቀለም ነጭነት ስትለካ ውላ ትገባለች፤ ወሬ አትወድም። በዚያ ላይ ሰሞኑን ለዶክትሬት ትምህርት አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነው። ከማመልከቻዋ ጋር ያያያዘችው ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ ነው።

«እትዬ፣ ብናኙንና ቀለሙን ስትቀላቅዪ ስንት ደቂቃ ነው ያነቃነቅሽው?»

«ጽሑፉ ላይ አለ።»

«ጽሑፉን በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያው በቃልህ መያዙን ተውና በእጅህ ሥራው።»

«በእጄ አሥራ አንድ ጊዜ ሠራሁት!»

«አሥራ አንድ ጊዜ አበላሸኸዋ። እኔ ምን ላድርግህ? ብርጭቆህ ቆሻሻ ይሆናል።»

እናታቸው ልብስ እየተኮሰች ነበር። መተኮሻውን ቀና አድርጋ አቆመችው።

«የማን ብርጭቆ ነው ቆሻሻ?»

«የማሙሽ ነዋ እማዬ።»

«የሱ? የሱን ሸሚዝ አንገት አይተሽው ታውቂያለሽ? ቆሻሻማ አንቺ ነሽ። ካልሲሽን ሳሙናው ሳይለቅ የምታሰጪ! ሲደርቅ ብቻውን የሚቆም ካልሲ በዚህ ቤት የማን ነው?»

«እማዬ፣ ስለ ሳይንስ እኮ ነው የምናወራው።»

«እኔም ስለ እጥበት ነው የማወራው።»

ማሙሽ ሳቁን ዋጠ። እህቱ ግን አልሳቀችም፤ ጣቷን ቀሰረችበት።

«ረቡዕ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ከፊትህ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ። በጽሑፍ!»

«ስምንት እጥፍ ከሆነልሽ በፍሬም አድርጌ እሰቅልልሻለሁ።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጣች። ላብራቶሪው እሷ እንደተወችው ነው። የመለኪያው ክፍል መስኮት በጥቁር ካርቶን ተሸፍኗል። የመታጠቢያው ቧንቧ አሁንም በጨርቅ ተይዞ ነው የሚዘጋው። ማቀዝቀዣው ላይ «ምግብ ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ውስጡ የአንድ ሰው ምሳ አለ። ሰውየውን ሁሉም ያውቁታል። ጋሽ ቁልፌ ናቸው፤ ወረቀቱን የለጠፉትም እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ቁልፌ የላብራቶሪው ቴክኒሻን ናቸው። ስሙን ያገኙት ወገባቸው ላይ ከሚንሿሿው የቁልፍ ዘለላ ነው። የቀሩትን ማሽኖች ለተማሪ ይተዋሉ፤ አንዱን ግን አይለቁም። እሱም ሴንትሪፊውጁ ነው፤ ብናኝ ያለበትን ውሃ በኃይል አሽከርክሮ ብናኙን ከሥር የሚያስቀምጠው። አርጅቷል፣ ያጓራል፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል። ስለዚህ አጠገቡ መዝገብ አስቀምጠዋል፦ አንድ ዙር፣ አንድ ፊርማ። ያልፈረመ ሰው ቁልፍ አያገኝም።

«ኧረ እንኳን ደህና መጣሽ!» አሏት። «አሁን ደግሞ ምን ልታቃጥዪብን ነው?»

«ታናሼን ላስተምር ነው ጋሼ።»

«እሱን? እሱ እንኳ ይበቃዋል። አራት ወር ሙሉ ማሽኔን ሲያስጮህ ነው የከረመው። መዝገቤን ጨረሰው።»

ሥራ ጀመረች። እጇ ፈጣን ነው፤ ማሙሽም ይህን ይመሰክርላታል። ብናኙ ተዘጋጅቶ የሚቀመጠው ፕላስቲክ መሰል በሆነ ፖሊመር ተሸፍኖ ነው፤ ሽፋኑ ብናኞቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይጠብቃቸዋል። የተረፈው ልቅ ፖሊመር እንዲወጣ ነው የሚታጠበው፦ ማሽከርከር፣ ከላይ የቀረውን ውሃ መድፋት፣ አዲስ ውሃ ማድረግ። እያንዳንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ማሙሽ የታተመውን ጽሑፍ በእጁ ይዞ አጠገቧ ቆሟል፤ እየተከተለ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል።

«እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አትቁምብኝ።»

«ሁለተኛው እጥበት» አለ ማሙሽ፣ ምልክት እያደረገ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር የእጅ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ደግሞ አየች። ማሽኑ ያጓራል።

«አቤት፣ መቼም አያልቅም» አለች። «እኔ እኮ ተማሪ ሳለሁ በዚህ ሰዓት ሰርቪስ ውስጥ ነበርኩ።»

ማሙሽ እርሳሱን አቆመ።

«የቱ ሰርቪስ?»

«የአሥራ አንድ ሰዓቱ ነዋ። እሱ ካመለጠኝ ሁለት አውቶቡስ ነበር የምቀይረው።»

«ታዲያ ሦስተኛውን እጥበት ማን ያወጣልሽ ነበር?»

እህቱ ወደ ማሽኑ ዞረች። ማሽኑ ቆመ። ናሙናውን አወጣች፣ ከቀለሙ ጋር ቀላቀለችው፣ በትንሿ ባለ አራት ማዕዘን ብርጭቆ አድርጋ ጥቁሩ የመለኪያ ክፍል ይዛው ገባች። አረንጓዴው ብርሃን በብርጭቆው አለፈ። ብርቱካናማ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ብር ካልነካው ባዶ ቀለም አንድ አምስተኛ ነበር።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አለች።

«ትናንት ነው የፈተሽኩት» አሉ ጋሽ ቁልፌ ከበሩ።

«ቀለሙ አርጅቷል ማለት ነው።»

«ያረጀ ቢሆን ባዶውም አይፈካም ነበር» አለ ማሙሽ።

«እንግዲያው የዚህ ክፍል ውሃ ተቀይሯል።»

«ማሽኑ ተበላሸ፣ ቀለሙ አረጀ፣ ውሃው ተቀየረ» አሉ ጋሽ ቁልፌ። «እኔስ? እኔ አልተቀየርኩም?» ቁልፋቸውን እያንሿሹ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዱ። የሁለት ዓመት ተኩሉን መዝገብ አውጥተው አቧራውን አራግፈው ዘረጉት።

ስሟ በአሥራ ሰባት ቀናት ላይ ነበር። በእያንዳንዱ ቀን አንድ ፊርማ፣ አንድ ዙር።

«መፈረም ረስቼ ይሆናል» አለች ቀስ ብላ።

«አሥራ ሰባት ቀን?» አለ ማሙሽ።

«ሳይፈረም ቁልፍ የምሰጥ ሰው ነኝ እንዴ?» አሉ ጋሽ ቁልፌ፣ ከልባቸው ተቀይመው።

ከቅድሙ የተረፈ ያልታጠበ ብናኝ ነበር። ማሙሽ አነሳው፣ ፈረመ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሽከረከረው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሦስቱም ተቀምጠው የማሽኑን ማጓራት ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ቀላቅሎ ጥቁሩ ክፍል ገባ። ስክሪኑን ማየት አላስፈለገውም። ብርጭቆዋ ውስጥ አንድ ደማቅ ብርቱካናማ መስመር ወገቧን ሰንጥቆ ይታያል። ቁጥሩ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ እጥፍ ነበር።

«ይኸው!» ብላ ጮኸች እህቱ። «አላልኩህም? ስምንት እጥፍ! ይኸው!»

ማሙሽ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። የተሰማው ግን ራሱን ከግድግዳው ጋር የማጋጨት ፍላጎት ነው። አራት ወር! የተሸፈነውን ገላጭ፣ የሚያበራውን አጥፊ ራሱ ነበር። ፍካቱ በጠፋ ቁጥር እጥበት ይጨምራል፤ እጥበት በጨመረ ቁጥር ሽፋኑ ይላጣል፤ ሽፋኑ በተላጠ ቁጥር ቀለሙ ባዶው ብር ላይ ይለጠፋል፤ የጠጣውን ብርሃን ሳይተፋው ብሩ ይቀማዋል። ውሃ ሲወቅጥ የከረመ ሰው ነው። ያውም የጠራ ውሃ።

«እኔ አልገባኝም» አሉ ጋሽ ቁልፌ። «ብሩ ወዳጁ ነው ወይስ ጠላቱ?»

«እንደ ርቀቱ ነው ጋሼ። ሽፋኑ የፀጉር ዘለላ አሥር ሺኛ ያህል ውፍረት አለው። ያን ያህል ከራቀው ብሩ ብርሃን ያቀብለዋል። ከተለጠፈበት ግን ይበላበታል።»

«እንዲህ በለኛ! ጎረቤት ነው። አጥር ካለው መብራት ያውስሃል። አጥሩን ካፈረስክ ገብቶ እራትህን ይበላል።»

«እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ አጥሩን አራት ወር ሙሉ ስታፈርስ የነበርከው ምን ሆነህ ነው?»

ማሙሽ እህቱን አየ። እህቱ መዝገቡን አየች።

መተላለፊያው ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው የፈነዳው።

«ሦስት ጊዜ ብለሽ ጻፍሽ።»

«የላብራቶሪው የድሮ መመሪያ ላይ ሦስት ነው የሚለው። የአሠራሩን ክፍል ከዚያ ነው የገለበጥኩት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አንዱ እጥበትና ሦስቱ ልዩነት ይኖራቸዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።»

«እሱን አምንሻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል? ውጤቱ ውሸት አይደለም። በዓይንህ አየኸው!»

«ውጤቱ ውሸት አይደለም። ውሸቱ ሦስት የሚለው ነው። ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ሆኖ አረፈው እኮ እትዬ! ለመሆኑ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ ቢሠራ ምን የሚያገኝ ይመስልሻል?»

«ማን ሊሠራው? ማን ያነበዋል?»

«እኔ አነበብኩት! አራት ወር!»

አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ በመካከላቸው አለፈች። ሁለቱም እስክታልፍ ድረስ በጨዋነት ፈገግ አሉ።

«ስማኝ» አለች እህቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የዶክትሬቱ መልስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። አሁን እርማት ቢወጣ ‹የአሠራር ስህተት ያለበት ጽሑፍ› ነው የሚሉት፤ ማንም ዝርዝሩን አያይም። ሁለት ሳምንት ዝም በል። ዝም አይነቅዝም።»

«ሁለት ሳምንት ዝም ካልኩ አርብ ምን ላስረክብ?»

«አንድ ጊዜ አጥበህ ስምንት እጥፍ አግኝተሃል። እሱን አስገባ።»

«ስንት ጊዜ ታጠበ ብዬ?»

ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ልታለቅስ ነው ብሎ ፈራ። አላለቀሰችም። «አንተ ሁልጊዜ እንደዚህ ነህ» አለችው። «ነገር እስኪላጥ ታጥባለህ።» ቦርሳዋን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ማሙሽም ቆሞ ቀረ። ክፋት ቢኖርባት ቀላል ነበር። አውቶቡስ እንዳያመልጣት ነው የቸኮለችው፤ ሁሉም የሚገለብጠውን ነው የገለበጠችው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት አድርጎ በደንብ ይቆጣል? መቆጣት ግን ነበረበት።

ሐሙስ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ሁለቱንም አስጠሩ። ጋሽ ቁልፌ ምሥጢር የሚይዙት በቁልፍ የሚዘጋ ሲሆን ብቻ ነው፤ ወሬው ቀድሞ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ደርሷል። እህቱ ከፋብሪካው በቀጥታ ስለመጣች እጅጌዋ ላይ ነጭ የቀለም ጠብታ ነበር። ማሙሽ አዲሱን ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፦ አንድ እጥበት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ስድስት፤ ፍካቱ በየደረጃው ሲወርድ ይታያል። የጎደሉትን ደረጃዎች ረቡዕ ማታ ሲለካ ነው ያመሸው፤ የቀሩት በደብተሩ ነበሩ።

ፕሮፌሰሩ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት።

«ግሩም ነው» አሉ በመጨረሻ። «እጅግ ግሩም ነው። ስለዚህ የሚጋጭ ነገር የለም።»

«አለ እንጂ ፕሮፌሰር። የታተመው ‹ሦስት ጊዜ› ይላል።»

«አዎ፣ አዎ።» ብዕራቸውን አነሱ። «እዚህ ጋ አንተ ‹በሚገባ ታጥቧል› ብለህ ጻፍ። ‹በሚገባ› ሰፊ ቃል ነው። የእሷም በሚገባ ነው፣ ያንተም በሚገባ ነው። ማንም አይነካም። እኔም አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«ሰንጠረዡስ?»

«ሰንጠረዡን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይቻላል። ሁለት ባላ መትከል ጥሩ ነው፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ መንጠልጠል ነው።» የታተመው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የእሳቸውም ስም እንዳለ ሦስቱም ያውቃሉ።

«በሚገባ የሚለውን ቃል አንብቦ አንድ ተማሪ ስንት ጊዜ ያጥባል?» አለ ማሙሽ።

«እንደ መሰለው።»

«እኔ እንደ መሰለኝ ስድስት ጊዜ አጠብኩ።»

ፕሮፌሰሩ ወደ እህቱ ዞሩ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

እህቱ እጅጌዋ ላይ ያለውን ነጭ ጠብታ በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። «‹በሚገባ› ለእኔ ይስማማኛል» አለች። ወንድሟን አላየችውም። «እሱ ከተስማማው።»

ብዕሩ ከፊቱ ተቀምጧል። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። አንድ ቃል ጽፎ ቢወጣ ነገ ያስረክባል፣ በሚቀጥለው ወር ይመረቃል፣ እህቱ ትሄዳለች፣ እናቱ ሁለት ጊዜ ትደሰታለች። በዓመቱ ደግሞ አንድ ሌላ ሰው እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስምንት እጥፉን ይጠብቃል። ማሙሽ ያንን ሰው አያውቀውም፤ በአራት ወር ውስጥ ግን አንድ በአንድ የሚያስበውን ያውቃል።

ብዕሩን ወደ ፕሮፌሰሩ መልሶ ገፋው።

«ቁጥሩን ነው የምጽፈው» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኾ ወጣ፤ አልቀነሰውም። «ሰንጠረዡም ይገባል፣ ከታተመው ጋር የሚለያየው የት ላይ እንደሆነም ይገባል። እትዬ፣ እስከ ነገ ቀትር እርማቱን ራስሽ ለመጽሔቱ ከላክሽ፣ ‹የጽሑፉ ባለቤት ራሷ አርማዋለች፣ ልኬቷም ትክክል ነው› ብዬ በስምሽ እጽፋለሁ። ካልላክሽ እኔ እልከዋለሁ። እርስዎም ካልፈረሙልኝ ፕሮፌሰር፣ የሚቀጥለውን ዓመት እማራለሁ።»